ከቤተሰብ ቁጥር የተቀነሰ ሰው

ባለቤቴ ወደ ውጭ አገር ከሄደ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ከረጢቴን ዘረጋሁ። ስኳር የሚሰፍረው ሰውዬ የራሽን ካርዴን አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ከሰፈረልኝ ላይ ጥቂት ቀንሶ ወደ ጆንያው መለሰ።

«ምነው ወንድሜ፣ አጎደልክብኝ» አልኩት።

«አላጎደልኩም። ሁለት ናችሁ።»

«ኧረ ሦስት ነን።»

«አባወራው ውጭ አገር አይደለም እንዴ? ከሦስት ወር በላይ ከቀበሌው የራቀ ሰው ከቤተሰብ ቁጥር ይቀነሳል። መመሪያ ነው እህቴ፣ እኔ አላወጣሁት።»

 ከረጢቴን ቋጥሬ ወጣሁ። ስኳሩ እንኳ ብዙም አላናደደኝም፤ ሻይ መራራውን ተጠጥቶም ይታለፋል። «ሁለት ናችሁ» ያለኝ ቃል ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ያን ቀን ምሳ ሳቀርብ ልጄ በትሪው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ተቀመጥን። በባለቤቴ በኩል ያለው እንጀራ ሳይነካ ደረቀ። አዋሽ ላይ እንጀራ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

አዋሽ የመጣሁት በሙሽርነቴ ነው። ትውልዴ ወሎ፣ ባቲ አጠገብ ካለች መንደር ነው። እናቴ «ልጄን ለሐሩር ዳርኋት» እያለች ስታለቅስ ከረመች አሉ። እኔ ግን ባሌን ስለወደድኩት ሐሩሩን ቻልኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት የጥጥ እርሻ መካኒክ ነበር። ትራክተር ይጠግናል፤ የጥጥ መዳመጫውን ማሽን ይጠግናል፤ ሬዲዮ የተበላሸበት ጎረቤት ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ንግግር አያበዛም። ሲስቅ እንኳ ድምፁ አይሰማም፤ ትከሻው ብቻ ይርገፈገፋል። እጁን በሳሙናና በአሸዋ ቢፈትገውም የግራሶ ሽታ አይለቀውም ነበር። እኔም ለመድኩትና ኋላ ኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳ መግባቱን በሽታው አውቅ ጀመር።

ቤታችን የቀበሌ ነው፤ በእሱ ስም ተመዝግቦ የተሰጠን። ከሐዲዱ ብዙ ስለማይርቅ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ፣ በግቢው ደግሞ እሱ የተከላት የኒም ዛፍ ነበረችን። ሴት ልጃችን የተወለደችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ልጅቷ ገና አፏን በደንብ ሳትፈታ፣ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ውጭ አገር ሊልኩኝ ነው» አለ።

«የት?»

«ቡልጋሪያ።»

«እሱ ደሞ የት ነው?»

«እኔስ የት አውቄው? ብርድ አገር ነው አሉ።» ትከሻው ሳቀ።

እርሻው አዲስ ማሽን ሊያስገባ ስለነበር የሚጠግነው ሰው አስቀድሞ መማር ነበረበት። ከእኛ እርሻ እሱ፣ ወደ ታች ሎጊያ አካባቢ ካለ ሌላ እርሻ ደግሞ አንድ ሰው ተመረጡ። ለአንድ ዓመት ነው። አስተዳደር ክፍሉ ሁለታችንንም አስጠርቶ ነገረን፦ የደመወዙ ግማሽ በየወሩ ለእኔ ይከፈላል፣ ቤቱ አይነካም፣ ተምሮ ሲመለስ እድገት አለው። ዓመቱ አልፎ ሰውየው ባይመለስ ምን እንደሚሆን እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አልነገሩኝ።

ጣቢያው ላይ ስንለያይ ልጃችንን ከጀርባዬ አውርዶ አቀፋት። እኔን ሰው ስላለ አላቀፈኝም።

«ዓመት ማለት እኮ አንድ ረመዳን ነው» አለኝ። «አንዱን ብቻሽን ታፈጥሪያለሽ። የሚቀጥለውን አብረን ነን፣ ኢንሻአላህ።»

መጀመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ሁለት ሱሪ ደርቦ እንደሚለብስ፣ የአሳማ ሥጋ እየፈራ ዳቦና እርጎ ብቻ እንደሚበላ፣ መምህሩ የሚናገረውን አስተርጓሚው በሁለት ቃል እንደሚያሳጥረው ይጽፍልኛል። ለልጁ ፎቶ ላከ፤ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጆሮው በቆብ ተሸፍኖ። ልጄ ፎቶውን አይታ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች። አባትሽ ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ብቸኝነቱ የሚብስብኝ ከቀትር በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት አዋሽ ላይ ሰው አይወጣም። ነፋሱ አሸዋ እያነሳ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ፍየሎች የግድግዳ ጥላ ሥር ሲጋደሙ፣ ልጄ ተኝታ እኔ ብቻዬን ቁጭ እላለሁ። የአፋሮቹ ወተት ሻጮች ጠዋት መጥተው ሄደዋል። ባቡሩ አልደረሰም። በአማርኛም በሌላም የሚያናግረኝ የለም። አንዳንዴ ድምፄን ለመስማት ብዬ ጮክ አድርጌ ዱዓ አደርግ ነበር።

አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበረችኝ ማለት ይቻላል። ከጎጃም የመጡ መምህርት ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ወታደር ነበሩ፣ ሰሜን ዘምተው ቀሩ። ወንድ ልጃቸው አድጎ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነን፤ ሥጋ አብረን አንበላም። ግን ለእኔ ብለው የተለየ ድስት ገዝተው ጓዳቸው ውስጥ ሰቅለውልኝ ነበር። «ያ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ረመዳን አለፈ። ዓመቱም ሞላ። ደብዳቤው ቀደም ብሎ ነበር የተቋረጠው። ፖስታ ቤት ብመላለስም ምንም የለም። ከዚያ ግማሽ ደመወዙን ልቀበል እርሻው ቢሮ ስሄድ ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ።

«ቆሟል» አለኝ።

«ለምን?»

«የሄደበት ፈቃድ አለቀ። ትምህርቱ ተራዝሞ ከሆነ የማራዘሚያ ደብዳቤ መምጣት ነበረበት፤ አልደረሰንም። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ከሥራ እንደቀረ ነው የሚቆጠረው።»

«ታዲያ ባለቤቴ የት ነው ያለው?»

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን እኛም አንቺን ልንጠይቅሽ ነበር።»

ያኔ ነው የፈራሁት። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ተልኮ ያልተመለሰ ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ከዳ ይባላል። የከዳ ሰው ቤተሰብ ደግሞ ምን እንደሆነ በግልጽ የሚናገር የለም፤ ሰው ከእነሱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ያ ነው። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አንዷ ጀርመን ገባ አለች፤ ሌላዋ ነጭ አገባ አለች። ደህና አደርሽ የሚሉኝ ባልዲያቸውን እያዩ ሆነ።

ብዙ ሳይቆይ ቀበሌው አስጠራኝ። ሊቀመንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ አንድ ዓይኑ የሚያነባ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ።

«ነገሩ እንዲህ ነው እህቴ» አለኝ። «ቤቱ በባልሽ ስም ነው። ባልሽ ከተፈቀደለት በላይ ውጭ አገር ቆይቷል። እንዲህ ያለ ቤት ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ቤት የሚጠብቅ ደሞ ብዙ ነው።»

«እኔና ልጄስ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው የጠራሁሽ።» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አቆላለፈ። «ባሌ ጥሎኝ ከአገር ከድቷል ብለሽ ብትፈርሚ፣ አንቺ እማወራ ትሆኛለሽ። ቤቱን በስምሽ አዞርልሻለሁ። ራሽኑም በስምሽ ይሆናል። ይመጣል ካልሽ ግን ቤቱ የሱ ነው፤ እሱ ደሞ የለም።»

«ፈርሜ ቢመጣስ?»

ሊቀመንበሩ የሚያነባ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «ያ የሱና የሌሎች ጉዳይ ነው። ከእኔ ቢሮ በላይ ነው።»

እንዳስብበት ጊዜ ሰጠኝ። በቀጥታ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የተማሪ ደብተር እያረሙ ነበር፤ ሁሉንም ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

 «እኔ ፈርሜያለሁ» አሉ። «አስከሬኑን አላየሁም፣ መቃብሩን አላውቅም። ሞቷል የሚል ወረቀት መጣ፤ ፈረምኩና አበሉን መቀበል ጀመርኩ። ልጄን አሳደግሁበት፤ አልጸጸትም። ግን መኪና ደጃፌ ላይ በቆመ ቁጥር እስከ ዛሬ ቀና እላለሁ።» ከዚያ እጄን ያዙ። «አንቺን ግን ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። የኔ ሞተ የሚል ነው፤ ያንቺ ከዳ የሚል ነው። አንድ አይደሉም።»

ያን ቀን ነው አብሮት የተላከው ሰው ትዝ ያለኝ። የሎጊያው እርሻ ሠራተኛ ተመልሷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሊቀመንበሩን፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ፣ የይለፍ ወረቀት ለመንኩት። ወዴት እንደምሄድ የገባው ይመስለኛል፤ ሳይጠይቀኝ ማኅተሙን መታልኝ። ልጄን እትዬ ዘንድ ትቼ ወደ ታች ከሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ የደሴ ሰው ነው፤ በየኬላው ወረቀቴን ከእሱ ወረቀት ጋር አድርጎ ያሳይልኛል፣ ሌላ ነገር አይጠይቀኝም። ከገዋኔ በኋላ መሬቱ ጠቆረ፤ ድንጋይ ብቻ። ሰው ሲጠፋና ግመሎች ብቻ ሲታዩ፣ ባለቤቴ በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ፊቴ ድቅን አለ። እሱም ከመስኮት ውጭ የማያውቀውን አገር እንዲህ ያይ ነበር መሰለኝ።

ሚሌ አደርኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት የወሎ ሴት ነች፤ አነጋገሬን ስትሰማ የማን ልጅ ነሽ ብላ ጠየቀችኝና የአያቴን መንደር አወቀችው። ያመጣኝን ግን አልነገርኳትም። ባሌን ፍለጋ ነው ማለት ከበደኝ።

በማግስቱ ሎጊያ ደርሼ ከዚያ በእርሻው ትራክተር ተጎታች ላይ ሄድኩ። ዛሬ ሰመራ የሚባለው ከተማ ያኔ አልነበረም፤ ያለፍንበት ሜዳ ላይ ከነፋስ በቀር የቆመ ነገር አላየሁም። ሰውየውን ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ወደ አንድ ግራር ጥላ ወሰደኝ።

«ታሟል» አለኝ።

«ሞቷል ልትለኝ ነው?»

«አልሞተም። እኔ እስክመለስ አልሞተም ነበር። ሳንባውን ነው። ደም ሲተፋ ወሰዱት። ተራራ ላይ ያለ ሆስፒታል ነው፣ ከኛ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት፤ በመስኮት መስታወት በኩል ነው ያሳዩኝ። እጁን አነሳልኝ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ ማለት ይሁን ማልቀስ አላወቅሁም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እኔ እኮ እዚህ ከዳ እየተባለብኝ ነው!»

እሱም አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ለማን ልናገር? ስመለስ ጠርተው መረመሩኝ። ጓደኛህ የት ቀረ? ከማን ጋር ይገናኝ ነበር? ምን ሬዲዮ ትሰሙ ነበር? ታሟል አልኳቸው፤ ጻፉት። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ ስሙን ያነሳሁት ዛሬ ነው።»

«ይችን የነገርከኝን ብቻ በወረቀት ጻፍልኝ። ለቀበሌው ላሳይ።»

መሬት መሬቱን አየ። «እህቴ፣ ልጆች አሉኝ» አለ።

አልለመንኩትም።  ውሃ አመጣልኝ፤ ወደ ጠረፉ ካለችው ከዲቾቶ ሲመለስ የነበረ መኪና አስቁሞ ሹፌሩን አደራ አለልኝ። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ በኩል «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። ያቺን ቃል እስከ አዋሽ ድረስ ይዣት መጣሁ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ስመለስ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ታሞ ሆስፒታል ነው ያለው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«አብሮት የነበረ ሰው።»

«ማን የሚባል?»

 ያ ሰው «ልጆች አሉኝ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ስሙን ብናገር ሊቀመንበሩ ይጽፈዋል፤ ከጻፈው ደግሞ የት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም።

«እንግዲያው እኔ ምን ይዤ ልከራከርልሽ?» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ባሌ ከድቷል ብዬ አልፈርምም። ቤቱን ውሰዱት።»

«ልጅ ይዘሽ የት ትገቢያለሽ?»

«አላህ ያውቃል።»

ቤቱን አስረከብኩ። የተሰጠው ጦር ሜዳ እግሩን ላጣ፣ ብዙ ልጆች ላሉት ሰው ነው። ቁልፉን ስሰጠው ሚስቱ አንገቷን ደፍታ «ይቅር በይን» አለችኝ። ቆርቆሮው በማዕዘኑ በኩል እንደሚያፈስ ነግሬያት ወጣሁ። እኔና ልጄ እትዬ ግቢ ካለችው ኩሽና ገባን። የራሳችን ቤት ስለሌለን የራሽን ካርዳችንም ታገደ፤ እትዬ ከራሳቸው ድርሻ ያካፍሉን ነበር። እሳቸው ባይኖሩ ምን እንሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ጣቢያው ላይ ሻይና ሳምቡሳ መሸጥ ጀመርኩ። ሊቶሪናው፣ ያ የመንገደኛው ባቡር፣ ሲደርስ በየመስኮቱ እየዞርኩ እሸጣለሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል እንደዚያ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። መንገደኛ ፊት የለውም፤ እጅ ብቻ ነው፤ ይቀበልና ይሄዳል። ሁለተኛው ረመዳንም ሳናፈጥር... አብረን ሳናፈጥር ማለቴ ነው፣ አለፈ። ልጄ ስለ አባቷ መጠየቅ አቆመች። ያ ከመጠየቋ የበለጠ ከበደኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ቆሞ ሲነሳ አንድ ሰው ብቻ ሜዳው ላይ ቀረ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጥቁር ካፖርት በክንዱ ይዟል። ከሲታ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል። ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። ሻይ ሊጠጣ የመጣ መንገደኛ መሰለኝና ቀና ሳልል ብርጭቆ አነሳሁ።

«ሻይ ልቅዳ?» አልኩ።

«ካለሽ ቅጂልኝ» አለ።

ድምፁ ነው። ብርጭቆውን ጣልኩት መሰለኝ፤ ሲሰበር ግን አልሰማሁም። ሰው ፊት አቅፎኝ የማያውቅ ሰው እዚያው አቀፈኝ። የግራሶ ሽታ የለውም፤ የመድኃኒት ሽታ ነበር የሚሸተው። አጥንቱ ሁሉ ክንዴን ቆረቆረኝ። «ቤት እንሂድ» ሲለኝ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

በእትዬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። መጻፍ ያቆመው ይድን አይድን ስላላወቀ እንደነበር ነገረኝ። «የስንብት ደብዳቤ መጻፍ አልሆነልኝም» አለ። ሆስፒታሉ መታመሙን ለአዲስ አበባ አሳውቆ ኖሯል፤ ወረቀቱ ግን ከአዲስ አበባ ወዲህ አልመጣም። ቀጥሎ ለምን አልፈረምሽም ብሎ ጠየቀኝ። «ውሸት ስለሆነ ነው» አልኩት።  እሱም ሌላ አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠው፤ ደስ ብሎታል፣ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ታዲያ መዝግቡን» አልኩት። «ይኸው፣ ሦስት ነን።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺና ልጅሽን በመምህርቷ ግቢ እመዘግባለሁ። እሱን ግን ከመሥሪያ ቤቱ ተመልሷል የሚል ደብዳቤ ሲያመጣ ነው።»

«ሰውየው ፊትህ ቆሞ የለም እንዴ?»

«ቆሟል። አየሁት። ግን በመመሪያው ገና አልተመለሰም።»

ባለቤቴ ትከሻው ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔ አልሳቅሁም።

ያ ደብዳቤ ወራት ፈጀ። እስኪመጣ በአንድ ኩሽና ውስጥ የሁለት ሰው ራሽን ለሦስት በላን፤ እትዬም ከራሳቸው መጨመራቸውን አልተዉም። ሲመጣ እርሻው ወደ ሥራ መለሰው፤ ነገር ግን የጥጡ ብናኝ ለሳንባው አልሆነም። የተማረለት ማሽን ደግሞ ገና ወደብ ላይ ነው አሉ። ቤታችን አልተመለሰም፤ እኛም ያን እግሩን ያጣ ሰው አስወጡልን አላልንም። በመጨረሻ ሥራውን ለቀቀና ሚሌ ወረድን። ያቺ የወሎ ሴት ከሻይ ቤቷ አጠገብ ትንሽ ቦታ አከራየችን። እኔ ምግብ እሠራለሁ፤ እሱ ባልደከመው ቀን የሹፌሮችን መኪና ያያል። ልጃችን እዚያ ተማረች። አባቷን በአንድ ጊዜ አልተቀበለችውም፤ ብዙ ጊዜ «እሱ» ነበር የምትለው። አባዬ ያለችው አንድ ቀን ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ ነው፤ ሳታስበው።

ኑሯችን ክፉ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ቀረ። ስለዚያ አገር አይነግረኝም። ስጠይቀው «ብርድ ነው» ብሎ ያልፋል። አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ጂቡቲ የሚወስደውን መንገድ ሲያይ ይውላል፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አየዋለሁ፤ ሁለታችንም የየራሳችን ቦታ ነን።

አንድ ቀን ገበያ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ ስለ ሆስፒታሉ ማውራት ጀመረ። እሑድ እሑድ ለታማሚው ሁሉ ዘመድ ይመጣል፤ እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ከአጠገቡ የተኛ አንድ ወጣት ነበር፤ እናቱ አሮጊት ናት፣ ጥቁር ሻሽ የምታስር። ልጇን ጠይቃ ስትጨርስ ወደ እሱ አልጋ ትመጣለች። ፍራፍሬ ታመጣለታለች፤ ካልሲ ሠርታ ሰጠችው። ልጇ ሞተ። ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ መምጣቷን አልተወችም፤ እሱን ለመጠየቅ ብቻ ያን ተራራ ትወጣ ነበር።

«በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?» አልኩት።

«እሷ በራሷ፣ እኔ በአማርኛ።»

«ምን ትላት ነበር?»

«ሁሉንም። ስላንቺ፣ ስለ ልጅቷ፣ እሞታለሁ ብዬ ስለ መፍራቴ። ታለቅስ ነበር። የገባት ይመስለኛል።»

መንገዱ ላይ አንድ መኪና እያጨሰ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ከሩቅ ሲጠራው ባለቤቴ ተነስቶ መፍቻውን ይዞ ሄደ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ፊቷን ለማላውቃት ለዚያች ሴት ዱዓ አደረግሁላት። ቀናሁባትም።